የሚያወርደው ባትሪ

አገልግሎት ሰጥቶ የተሸጠ ባለ ቅርጫት መኪና በኔታንያ ጋራዥ የኤሌክትሪክ መስመሩ እንደ አዲስ ሲዘረጋ

በተጣጣፊ ክንዱ ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዝ ቅርጫት ተሸክሞ ወደ መንገድ መብራት፣ ወደ ስልክ ሽቦ ወይም ወደ ዘንባባ አናት የሚወጣውን የጭነት መኪና የአዲስ አበባ ሰው ከመብራት ኃይል ሠራተኞች ጋር አያይዞ ያውቀዋል፤ በእስራኤል ደግሞ «ማኖፍ ሳል» ይባላል፤ ባለ ቅርጫት ክሬን ማለት ነው። ክንዱ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቆሞ ያላየው ሰው የለም ማለት ይቻላል። በጎን ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ የሚቀመጠውን ባትሪ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው፤ የሚያስበውም ቢሆን ሥራው እንደ ማንኛውም መኪና ባትሪ ሞተሩን ማስነሣት ብቻ ይመስለዋል።

ነገሩ ከዚህ ይሰፋል። ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው በግፊት የሚሄድ ዘይት፣ ማለትም ሃይድሮሊክ ነው፤ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ ጉልበቱን የሚያገኘው ፒ ቲ ኦ በሚባል፣ ከመኪናው ካምቢዮ ጋር ተጋጥሞ የሞተሩን ዙር ወደ ፓምፑ በሚያሻግር መሣሪያ አማካይነት ነው። ስለዚህ ሰው ቅርጫቱ ውስጥ እንዳለ ሞተሩ ቢጠፋ ዘይቱ ይቆማል፣ ክንዱም ባለበት ይደርቃል። ለዚህ ክፉ ሰዓት ተብሎ በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይገጠማል፤ ሥራውም ሰውየውን ማውረድ ነው። የአውሮፓው የደኅንነት መለኪያ ኢኤን 280 ኃይል በተቋረጠ ጊዜ ሰውየው ወደሚወርድበት ቦታ የሚመለስበት የአደጋ ጊዜ መንገድ እንዲኖር የሚያስገድደው በዚሁ ምክንያት ነው።

«ሰውን የሚያወጣው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ የሚያወርደው ግን ባትሪው ነው።»

### ከፍራፍሬ ለቀማ እስከ መንገድ መብራት

መሣሪያው የተፀነሰው በፍራፍሬ ማሳ ነው። ጄይ አይተል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1944 በመሰላል ላይ ቆሞ ቼሪ የተባለውን ፍሬ ሲለቅም ውሎ ቢታክተው ይህን ክንድ እንዳሰበው ይነገራል፤ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድም መኪናው እስከ ዛሬ «ቼሪ ለቃሚ» በሚል ቅጽል ይጠራል። ኔታንያም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ1929 ስትቆረቆር ብርቱካን የሚተከልባት የገበሬዎች መንደር ነበረች። ዛሬ የብርቱካኑ መሬት ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ባለ ቅርጫቱ መኪናም ከፍሬ ይልቅ አምፖል፣ የማስታወቂያ ሰሌዳና የዘንባባ ዝንጣፊ ፍለጋ ይወጣል።

ከተማዋ በእስራኤል ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከሚኖሩባቸው ከተሞች በግንባር ቀደምነት የምትጠቀስ በመሆኗ በኢንዱስትሪ ሰፈሮቿ ጋራዦች አማርኛ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። በጎንደርና በአካባቢው ከእነዚህ ሰዎች አባቶች ብዙዎቹ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡ፣ ወናፍ የሚነፉ ባለ እጆች ነበሩ፤ «ባለ እጅ» የሚለው ቃል ግን በዚያ አገር ከሙያ ስምነቱ ይልቅ የንቀት መጠሪያ ሆኖ ኖሯል። በጋራዥ ውስጥ ቃሉ ወደ ጥንተ ትርጉሙ ቢመለስ የሚያስገርም አይሆንም፤ የተበላሸ ነገር ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እጁ የተባረከ ሠራተኛ ማን እንደሆነ ነውና። ቋንቋውም እንዲሁ ድብልቅ ነው፤ በኢትዮጵያ ጋራዥ ሠርቶ የመጣ አባት ከጣልያን በወረሰው ስም «ሞተሪኖ» የሚለውን የሞተር ማስነሻ፣ በእስራኤል የተወለደው ልጅ «ስታርተር» ይለዋል፤ ባትሪውንም በዕብራይስጥ «ማጽቤር» ይለዋል።

### የቀድሞ ባለቤቶች እጅ

አዲስ ባለ ቅርጫት መኪና ውድ በመሆኑ አነስተኛ ተቋራጮች፣ ማለትም ዛፍ የሚከረክሙ፣ ሰሌዳ የሚሰቅሉ፣ የመኖሪያ ሕንፃ ግድግዳ የሚጠግኑ ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዙት በሌላ እጅ ለብዙ ዓመት የሠራውን ነው። ገዢው የሚመረምረው ሞተሩን፣ ጎማውንና የዘይት ፍሳሹን ሲሆን የባትሪውን ሳጥን ከፍቶ የሚያይ ጥቂት ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ግን የመኪናው የሕይወት ታሪክ ተጽፎ ይገኛል። የመጀመሪያው ባለቤት የሚሽከረከር ብርቱካናማ መብራት ጨምሯል፤ ሁለተኛው የመገናኛ ሬዲዮና መኪናው የት እንዳለ የሚናገር መከታተያ አስገብቷል፤ ሦስተኛው የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ውስጥ መብራት ዓይነት ወደ 230 ቮልት የሚለውጥ ኢንቨርተር አምጥቶ መሰርሰሪያውን ሰክቶበታል። ሁሉም ኃይሉን የወሰዱት በቀጥታ ከባትሪው ራስ ላይ ስለሆነ በአንዱ ብሎን ላይ ስድስት ሰባት የሽቦ ቀለበት ተደራርቦ ይታያል፤ ከሥር ያሉት ቀለበቶች አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል፣ ከላይ ያሉት ልል ናቸው፣ በፕላስተር የተጠቀለሉት መገጣጠሚያዎችም ላይ አንዱ በሩሲያኛ፣ አንዱ በዐረብኛ፣ አንዱ በዕብራይስጥ የጻፈው ምልክት ደብዝዞ ይነበባል። ፊውዝ፣ ማለትም ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጠው መሣሪያ፣ ያለው ከእነዚህ ሽቦዎች በጥቂቱ ላይ ብቻ ነው።

የባለ መኪናዎቹ ቅሬታ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ባትሪ አይበረክትልኝም ይላሉ፣ ሲያልቅም ሌላ ይገዛሉ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች በበኩላቸው ይህን በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ ከመቅዳት አይለዩትም። በእስራኤል የሥራና የበዓል ቀኖች አቆጣጠር ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል፤ መኪናው ዓርብ ከሰዓት ቆሞ እሑድ ጠዋት ነው የሚነሣው፤ በመስከረምና በጥቅምት መካከል ደግሞ ከሮሽ ሃሻና እስከ ዳስ በዓል ማብቂያ ሦስት ሳምንት ያህል በቅጡ ሳይነዳ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ማንም የማያስታውሰው አንድ መከታተያ ከአንድ አምፔር አምስተኛውን ብቻ ቢስብ እንኳ በሃያ ቀን ውስጥ ወደ 96 አምፔር ሰዓት ይበላል፤ ይህም ማለት 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ጤነኛ ባትሪ ከበዓሉ ማግሥት ባዶውን ይገኛል ማለት ነው። ጥፋቱም የሚለጠፈው በባትሪው ፋብሪካ ላይ ነው።

### ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ሥራ

መስመሩን እንደ አዲስ ለመዘርጋት የተነሣ ሠራተኛ በቅድሚያ ማወቅ ያለበት መኪናው የ12 ነው ወይስ የ24 ቮልት የሚለውን ነው። የአውሮፓ ከባድ መኪናዎች በአብዛኛው በ24 ቮልት የሚሠሩ ሲሆን ይህን የሚያገኙት ሁለት የ12 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ፣ ማለትም የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር በማገናኘት ነው፤ በዚህ ጊዜ ቮልቱ ይደመራል፣ የሚይዙት መጠን ግን አይጨምርም። ባለ ሁለት ባትሪ የአሜሪካ ናፍጣ መኪናዎች ደግሞ ሁለቱን በትይዩ፣ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ኔጌቲቩንም ከኔጌቲቭ ስለሚያያይዙ ቮልቱ 12 እንደሆነ ይቆያል፣ መጠኑ ግን እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ መኪናዎች በውጭ ሲታዩ ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን የተቀመጠባቸው ናቸው፤ አንዱን በሌላው ልማድ ማሰር ግን ወይ መብራቱን ሁሉ ማቃጠል፣ ወይ ሞተሩን በማያስነሣ ግማሽ ቮልት መቅረት ነው።

በ24 ቮልት መኪና ላይ በጣም የተለመደው ስሕተት የማይታይ ዓይነት ነው። የ12 ቮልት ሬዲዮ ያስፈለገው ሰው ከሁለቱ ባትሪዎች የአንዱን ብቻ ራስ ይይዝና ሬዲዮውን ያስነሣል፤ ሥራው ያምራል። ነገር ግን የተነካው ባትሪ ከባልንጀራው ይልቅ እየጎደለ ይሄዳል፤ ባትሪዎቹን የሚሞላው ዲናሞ ደግሞ የሚያየው የሁለቱን ድምር እንጂ የእያንዳንዱን ባለመሆኑ ወደ 28 ቮልት ሲሰጥ የጎደለው ከድርሻው በታች፣ ሙሉው ከድርሻው በላይ ያገኛሉ። አንዱ በረኃብ፣ ሌላው ውሃው እስኪተን በጥጋብ ይሞታል፤ መድኃኒቱም 24ቱን ወደ 12 የሚቀንስ መቀየሪያ ገጥሞ ሬዲዮውን በዚያ በኩል ማሳደር ነው።

ዋናው የሥራው ቁም ነገር ግን መለየት ነው። ማስነሻ ባትሪ በውስጡ ብዙ ቀጫጭን የእርሳስ ዝርግ ስላለው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ መቶ አምፔር መወርወር ይችላል፣ ቀስ በቀስ ተራቁቶ መሞላትን ግን አይችልም፤ የሥራ ባትሪ ዝርጎቹ ወፍራም በመሆናቸው መጉደልና መሙላትን ይታገሣል። መብራቱ፣ ሬዲዮውና ኢንቨርተሩ በሥራ ባትሪው ላይ ይሆናሉ፤ ሞተሪኖው በማስነሻው ላይ ብቻውን ይቀራል። በመካከላቸው የሚቀመጠው ቮልት የሚለይ ሪሌ ነው፤ ይህም ሞተሩ ሲሠራና ቮልቱ ከ13 በላይ ሲወጣ ሁለቱን አገናኝቶ የሚያስሞላ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ የሚለያያቸው መቀያየሪያ ነው። በቅርብ ዘመን መኪናዎች ላይ ዲናሞው ነዳጅ ለመቆጠብ ቮልቱን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ ሪሌው ይደናገራል፤ በእነዚህ ላይ ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ራሱን የቻለ ቻርጀር ይመረጣል።

የአደጋ ጊዜው ፓምፕ ከየትኛው ባትሪ ይያያዝ በሚለው ላይ የሙያው ሰዎች አይስማሙም። አንዳንዶች ማስነሻው በየቀኑ የሚፈተን በመሆኑ ከሁሉም ይልቅ ጤንነቱ የሚታወቀው እሱ ነው ብለው ፓምፑን በዚያ ላይ ያስራሉ። ሌሎች ደግሞ ሞተሩ እንዳይነሣ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ የማስነሻው መሞት ስለሆነ ችግሩንና መፍትሔውን በአንድ ገመድ ማሰር ሞኝነት ነው ይላሉ። የሁለተኞቹ ክርክር ያመዝናል፤ ሆኖም ፓምፑን ወደ ሥራ ባትሪው አዛውሮ ኢንቨርተሩን እዚያው መተው ያው የድሮው ስሕተት በሌላ ሳጥን ነው። 1,000 ዋት የሚስብ መሰርሰሪያ በ12 ቮልት ላይ ከ80 አምፔር በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ኢንቨርተሩ ባትሪው ገና ሳይራቆት የሚቆርጠው መሣሪያ ሊገጠምለት፣ ካልሆነም ለፓምፑ ሦስተኛ ባትሪ ሊመደብለት ይገባል።

«ችግሩንና መፍትሔውን በአንድ ገመድ ማሰር ሞኝነት ነው።»

### መፍቻው ወዴት ይዘረጋል

የእጅ ሥራው የሚጀምረው ቀለበትና የእጅ ሰዓት በማውለቅ ነው። ቀጥሎ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚፈታው ጥቁሩ ኔጌቲቭ ሲሆን መልሶ ሲታሰር ደግሞ የመጨረሻው እሱ ነው፤ የዚህ ምክንያት የመኪናው አካል ራሱ ከኔጌቲቭ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። ኔጌቲቩ እንደታሰረ ፖዘቲቩን የሚፈታ ሰው መፍቻው በስሕተት የመኪናውን ብረት ቢነካ በመፍቻው ውስጥ ብዙ መቶ አምፔር ያልፋል፣ መፍቻውም በቅጽበት ይግላል። ሲሞላ የቆየ ባትሪ ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ስለሚተነፍስና ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ 4 ከመቶ ሲደርስ ለመፈንዳት በቂ ስለሆነ አንዲት ብልጭታ አሲዱን ፊት ላይ ልትረጭ ትችላለች። ታላላቆቹ ለሚማሩት ልጆች «ልጄ፣ ጥቁሩን መጀመሪያ!» ብለው ደጋግመው የሚጮኹት ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሽቦ ውፍረት ጉዳይ ነው፤ አብዛኛው የርካሽ ጥገና የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። የአደጋ ጊዜ ፓምፕ 200 አምፔር ያህል ይስባል ብንልና ባትሪው ከፓምፑ አምስት ሜትር ቢርቅ፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ አሥር ሜትር ይሆናል። መዳቡ 25 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ በመንገድ ላይ ብቻ 1.4 ቮልት ይጠፋል፤ 70 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ የሚጠፋው ግማሽ ቮልት ነው። ለሙሉ ባትሪ ልዩነቱ ላይታወቅ ይችላል፤ ለደከመ ባትሪ ግን ፓምፑ በሚዞርና ባለበት በሚያጉረመርም መካከል ያለው ርቀት ይኸው ነው።

የኬብሉ ጫፍ ቀለበት ሲገጠም የድሮ ሠራተኞች በብየዳ እርሳስ ሞልተው ያስሩት ነበር። እርሳሱ በክሮቹ መካከል ወደ ላይ ስለሚሳብ ለስላሳውን ኬብል እንደ ዘንግ ያደርቀዋል፤ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ኬብሉ እርሳሱ ባለቀበት ቦታ ላይ ይታጠፍና ከዓመታት በኋላ ይበጠሳል። አሁን የሚመረጠው በእጅ ሃይድሮሊክ መጭመቂያ ቀለበቱን ባለ ስድስት ማዕዘን አድርጎ መጭመቅ ነው፤ በደንብ የተጨመቀ ቀለበት በመጋዝ ተቆርጦ ቢታይ ክሮቹ ተዋሕደው አንድ ወጥ መዳብ መስለው ይገኛሉ። በላዩ ላይ ሲሞቅ የሚኮማተርና ከውስጡ ሙጫ የሚያወጣ ቱቦ ይለበሳል። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ራስ እጅግ ቅርብ መሆን አለበት፤ ፊውዝ የሚጠብቀው መሣሪያውን ሳይሆን ሽቦውን ነውና ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም።

### ማሳና የባሕር ጨው

በመኪናው አካል በኩል የሚመለሰውን የኔጌቲቭ መንገድ ባለጋራዦች «ማሳ» ይሉታል። ፖዘቲቩ ቀይ፣ ወፍራምና የሚታይ ስለሆነ ሁሉም ይንከባከበዋል፤ ማሳው ግን ቀለም በተቀባ ብረት ላይ በአንድ ብሎን ተይዞ ይረሳል። ኔታንያ ኩርካር በሚባለው የአሸዋ ድንጋይ ገደል ላይ፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ነፋሱ ጨውና እርጥበት ይዞ ይወጣል፣ በብሎንና በቀለበት መካከልም ይገባል። ዝገቱ መንገዱን ሲዘጋው ኤሌክትሪኩ አይቆምም፣ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ በቀጭን የመብራት ሽቦ፣ በብረት ገመድ ወይም በሚሽከረከር አንጓ በኩል ሊመለስ ይችላል፣ እነዚህም ለዚያ ያልተሠሩ ናቸው። ስለዚህ የማሳው ቦታ ብረቱ እስኪነጣ ይፋቃል፣ ብሎኑና ዳዶው ከታሠሩ በኋላ በቅባት ይሸፈናሉ፣ ኬብሉም በቆርቆሮ ማዕድን የተለበጠ መዳብ ቢሆን ይመረጣል፤ ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ከጥንት የሚጠቀሙበት ይኸው ነው። ለፓምፑ ግን በመኪናው አካል ላይ መተማመን አይገባም፤ የራሱ የመመለሻ ኬብል እስከ ባትሪው ድረስ ይዘረጋለታል።

### ወደ ቅርጫቱ የሚወጣው ሽቦ

ከቀድሞ ባለቤቶች ውርስ ሁሉ የሚያስፈራው አንዱ ከሁሉም ይልቅ ደግ የሚመስለው ነው፤ ቅርጫቱ ውስጥ ስልክ መሙያ ወይም ትንሽ መብራት እንዲኖር ታስቦ በክንዱ ላይ የተሰቀለ ቀጭን ሽቦ። ባለ ቅርጫት መኪናዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ክንዱ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነው ነው፤ ይህ ለመብራት ምሰሶና ለዛፍ ያገለግላል፣ ኃይል ካለበት መስመር ግን መራቅ አለበት። ሁለተኛው የክንዱ አንድ ክፍል ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ፋይበርግላስ የተሠራ ሲሆን የአሜሪካው ኤኤንኤስአይ ኤ92.2 መለኪያ ይህን ዓይነቱንም በዝርዝር ይመለከታል። በዚህኛው ላይ ከላይ ወደ ታች ትእዛዝ የሚተላለፈው ኤሌክትሪክ በማይሸከም የዘይት ቱቦ፣ በብርሃን በሚሠራ የመስተዋት ክር ወይም በሬዲዮ ነው። የስልክ መሙያው ሽቦ በፋይበርግላሱ ላይ በተንጠለጠለ ቅጽበት ክፍሉ ከጋሻነት ወደ ድልድይነት ይለወጣል፤ መኪናው በውጭ ሲታይ ያው ነው፣ ወረቀቱም ያው ነው፣ ውስጡ ያለው ሰው ግን ከመሬት ጋር ታስሯል።

ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ሽቦ ሲያገኝ አያስተካክለውም፣ ነቅሎ ይጥለዋል፤ ክንዱም ለዚህ በሠለጠነ መርማሪ በከፍተኛ ቮልት ሳይፈተን ወደ ኤሌክትሪክ መስመር እንዳይጠጋ ለባለቤቱ ይነግረዋል። ባለቤቶች በዚህ ላይ ያጉረመርማሉ፤ ለአምፖል ቅየራ ብቻ ነው የምንጠቀምበት ይላሉ። መልሱ አጭር ነው፤ መኪናው ነገ ለሌላ ሰው ይሸጣል፣ ያ ሰው የሚያምነውም በፋይበርግላሱ ነው። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የከፍታ ሥራ ደንብ ከፍ ብሎ የሚሠራውን ሰው በየሁለት ዓመቱ ሥልጠናውን እንዲያድስ ያስገድደዋል፤ ነገር ግን የታጠቀው ማሰሪያ የሚያድነው ከመውደቅ እንጂ በክንዱ ውስጥ ከተሸሸገ ሽቦ አይደለም።

### ሞተሩ ጠፍቶ

መስመሩ ታስሮ ካበቃ በኋላ የሚደረገው ፈተና በቤት ውስጥ ሊደረግ አይችልም፤ መኪናው ወደ ግቢው ወጥቶ መደገፊያ እግሮቹን ዘርግቶ ይቆማል። ቅርጫቱ ውስጥ ሰው አይገባም፣ የአሸዋ ከረጢት ይጫንበታል። ክንዱ በሞተሩ ኃይል ከወጣ በኋላ ሞተሩ ይጠፋል፣ የማስነሻው ባትሪ ማቋረጫ ይዘጋል፣ የሥራ መብራቶቹም ለተወሰነ ጊዜ በርተው ይቆያሉ፤ በእውነተኛው ቀን ባትሪው ሙሉ ሆኖ አይጠብቅምና።

ቮልት የሚለካው መልቲሜትር የሚያያዘው በባትሪው ራስ ላይ ሳይሆን በፓምፑ ሞተር ራስ ላይ ነው፤ በባትሪው ላይ 12.4 ቮልት የሚያሳይ መሣሪያ ጭነት በሌለበት ብዙ ይዋሻል። ቁልፉ ሲጫን ፓምፑ በቀጭን ድምፅ ይጮኻል፣ ቁጥሩ ዝቅ ይልና ይቆማል፤ ከመጠን በላይ ከወረደ አንዴ በፖዘቲቩ ኬብል ሁለት ጫፍ፣ አንዴ በኔጌቲቩ ሁለት ጫፍ እየተለካ የጠፋው ቮልት የት እንደቀረ ይፈለጋል። ፓምፑ ለአጭር ጊዜ ሥራ የተሠራ ስለሆነ ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ይጫናል። ክንዱ ይታጠፋል፣ የአሸዋ ከረጢቶቹ ወደ መሬት ይቀርባሉ። ሦስት ጊዜ ወጥተው ሦስት ጊዜ ከወረዱ በኋላ ነው የባትሪው ሳጥን የሚዘጋው።